የዶሉርቻር ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤቶች

ደብዳቤው የደረሳት ቅዳሜ ጠዋት፣ የሥራው ሳምንት ሲጀመር ነው። ማክሱዳ ኮምፒውተሯን ከፍታ ሻይዋን ገና አልቀመሰችም። ከስድሳ የሚበልጡ መልሶች ተደርድረው ይጠብቋታል። አብዛኞቹ «ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ» የሚሉ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ምስጋና ናቸው። ይህኛው ከሁለቱም ወገን አልነበረም።

«የተከበርሽ ማክሱዳ፤ ባለፈው ዓመት በድረ ገጼ ላይ ያለው የወንዝ ውሃ ልክ የሚያሳይ ሊንክ መሞቱን ነግረሽ፣ በምትኩ የሚሠራ የላክሽልኝ ልጅ ነሽ። ስለ መንደራችን ስታነቢ እንዳለቀስሽ ጽፈሽልኝ ስለነበር፣ ይህን ላንቺ ሳልነግር ብቀር ነውር መሰለኝ። ከቻይትሮ ወር ወዲህ አንድም ሰው አልደወለልኝም። ሰዉ መንደሩን ረስቶታል። ኑሮ ነው፣ አልፈርድባቸውም። የድረ ገጹ ስም የሚታደስበት ቀን በዚህ ወር መጨረሻ ነው፤ አላድሰውም። ዓይኔንም ሞራ ጋርዶታል። ስላለቀስሽልን አመሰግናለሁ። ሞቲዩር ራህማን፣ የቀድሞ የሒሳብ መምህር፣ ዶሉርቻር።»

ከግርጌው ደግሞ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ከዚህ ጋር ያለው በቻይትሮ ወር በእንግሊዝኛ የመጣልኝ ነው። የዕቃ ሻጭ መስሎኝ ትቼው ነበር።»

የዕቃ ሻጭ አልነበረም። ማክሱዳ የመጀመሪያውን መስመር አይታ አወቀችው። በሙያዋ ስሙ እንጂ መልኩ የማይታይ ደብዳቤ ነው፤ የኢንተርኔት ፍለጋው ድርጅት ቅጣት ሲጥል ለገጹ ባለቤት የሚልከው። ድረ ገጽዎ ከተፈጥሯዊው ውጭ የሆኑ ሊንኮችን ሲሰጥ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ገጾችዎ ከፍለጋ ውጤት ወጥተዋል ይላል።

ቢሮው ዳካ ከተማ፣ ሚርፑር ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰው ይሠራበታል። ሥራቸው ምስክር መሰብሰብ ነው ቢባል ይቀላል፤ ፍለጋው አንድን ድረ ገጽ የሚያምነው ሌሎች ሲጠቁሙት ነውና። ቆየት ካለና ስሙ ካልጎደፈ ገጽ የመጣ ሊንክ፣ እንደ ሽማግሌ ምስክር ይከበራል። ሌሎቹ ይህን ምስክር በገንዘብ ይገዙታል። ማክሱዳ ግን በትሕትና ታገኘዋለች። አንድ ፕሮግራም በየገጹ እየዞረ የሞቱ፣ ተጭነው የትም የማያደርሱ ሊንኮችን ያወጣላታል፤ እሷ ደግሞ ለባለቤቱ ትጽፋለች። «ገጽዎን በእንባ አነበብሁት፤ አንድ ሊንክ እንደማይሠራ አየሁ፤ የሚሠራውን ልኬልዎታለሁ።» ሰው ስህተቱን በጨዋ ቋንቋ ሲነግሩት ያመሰግናል።

በሞተው ሊንክ ምትክ የምትልከውን የወንዞቹን ገጽ የሠራችው ራሷ ናት። ሁለት ወር ያህል በየጠዋቱ የፓድማን፣ የሜግናን፣ የጃሙናን ልክ እየገለበጠች ትሞላ ነበር። ያን ሥራ ትወደው እንደነበር ለማንም አልተናገረችም። በቂ ንጹሕ ሰዎች ከጠቆሙት በኋላ የቢሮው ባለቤት፣ ሁሉም ባይ (ወንድሜ) የሚሉት ሙንታሲር፣ አድራሻውን ለሌላ ደንበኛ ሸጠው። አሁን ያን ሊንክ የሚጫን ሁሉ የሚገባው ቁማር ቤት ነው።

ከማስተሩ፣ ከሞቲዩር ራህማን፣ የለመነችው አንድ ሊንክ ነበር። በሳምንቱ ፕሮግራሙ ከእሳቸው ገጽ የመጡትን ሊንኮች ቆጥሮ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሲል ቢሮው በሙሉ ጣፋጭ በላ። ሙንታሲር ባይ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «ማክሱዳ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት? አግባኝ አልሽው እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው። እሷም ስቃለች። ለምን ያን ያህል ሆነ ብላ ግን ገጹን አልከፈተችም ነበር።

አሁን ከፈተችው።

መንደሩ ከሰባት ዓመት በፊት የፓድማ ወንዝ የበላው ነው። ማስተሩ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ሰጥተውታል። «ቤት አሥራ ሰባት። የሩስቶም ሚስት የጀሚላ። የግቢው ከፍታ ሦስት ሜትር ከዘጠና። ሁለት የጃክ ፍሬ ዛፍ። አሁን ያሉበት፦ ናራያንጋንጅ፣ ከስፌት ፋብሪካው ጀርባ።» ከዚያ የስልክ ቁጥር አለ። ከሥሩ ደግሞ፣ «ዛሬ በግቢያችሁ ላይ ስንት ውሃ እንዳለ ለማወቅ ይህን ተጫኑ፤ ከምታገኙት ላይ የግቢያችሁን ከፍታ ቀንሱ» ይላል።

ተጫነችው። የወርቅ መንኰራኩር መጥቶ ዞረ፤ ከመሃሉም ሳንቲም ዘነበ።

በአሥራ አንዱ ቤቶች ላይ «አሁን ያሉበት» የሚለው ባዶ ነው። ከገጹ አናት ላይ የማስተሩ ስልክ በትልልቁ ተጽፏል፦ «ከእነዚህ ቤቶች የሆንክ፣ ደውልልኝ።»

ሙንታሲር ባይ ጥግ ካለው ጠረጴዛው ሆኖ ፓን የሚባለውን ቅጠል ያኝካል። ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«ባይ፣ የዶሉርቻሩን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራቱን? ልጄን በስሙ ልጠራው ነበር እኮ።»

«ገጹ ከፍለጋ ወጥቷል። በእኛ ሊንክ ነው።»

«ይወጣል። አንድ መንደር ሙሉ ወደ ቁማር ቤት ሲጠቁም ማን ዝም ይላል?» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። «ዓመት መሥራቱም ትልቅ ነገር ነው።»

«ስሙንም አላድሰውም ይላል። ወር ሲያልቅ ሊለቀው ነው።»

ማኘኩን አቆመ። «ማን አለሽ?»

«ራሱ ጻፈልኝ።»

ሙንታሲር ባይ ወንበር ስቦ እንድትቀመጥ አመለከታት፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ጋዜጣው ሁሉ የጠቆመው ስም ነው፣ እንዲህ ያለ በዓመት አንዴ አይገኝም። በለቀቀው ቀን እንገዛዋለን። አዲስ ባለቤት ነን ብለን ቅጣቱን እናስነሣለን። ከዚያ እንደ ሌሎቹ እንሸጠዋለን።»

«የሰዎች ስም አለበት እኮ።»

«ስሙን እናወጣዋለና። ማክሱዳ፣ ከእጁ አልነጠቅሁትም። ራሱ ነው የጣለው።»

«የጣለው ሰው የረሳው መስሎት ነው።»

«ይምሰለዋ።»

ወደ ቦታዋ ስትመለስ አጠገቧ የምትቀመጠው ዲፓሊ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ስክሪን ሳታነሣ፣ «ምነው አፓ፣ እኅቴ፣ ዛሬ እውነተኛውን እንባ ልታመጪው ነው? በቀን ለስድስት መቶ ሰው አልቅሰሽ አልወጣልሽም?» አለቻት። ከዚያ ቀና ብላ ፊቷን አየች።

ማክሰኞ ዕለት አሞኛል ብላ ቀረች። በፓድማ ድልድይ ተሻግሮ ማስተሩ ወዳሉበት ወደ ሻሪያትፑር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገድ ላይ በስልኳ አንድ ጽሑፍ ስትጽፍና ስታጠፋ ቆየች። ቅጣት የደረሰበት ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት ቅጽ አለ፤ ሊንኮቹ እንዴት እንደገቡ፣ ማን እንዳስገባቸው፣ እንደተነሡም በግልጽ እንዲጻፍ ያዝዛል። በሙያው ሁሉም በዚያ ቅጽ ላይ ይዋሻል። ሳይዋሹ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አልገመተችም ነበር።

ማስተሩ የሚኖሩት ከወንዙ ርቆ በተከራዩት ቦታ ላይ በቆመች የቆርቆሮ ቤት ነው። ትንሽ ሰውዬ ናቸው፤ ሉንጊ የሚባለውን ሽርጥ ታጥቀው፣ ወፍራም መነጽር አድርገው ደጅ ተቀምጠዋል። የእግሯን ድምፅ ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ሰር፣ አሰላም አለይኩም። ማክሱዳ ነኝ። ከዳካ።»

«ወአለይኩም ሰላም። የቷ ማክሱዳ?» ትንሽ አሰቡ። «ያለቀሰችው?»

የወንድማቸው ምራት ሙሪ፣ የፈካ ሩዝ፣ በሰሃን፣ ሻይም በብርጭቆ አምጥታ አስቀመጠች፤ እንግዳዋ አለመቅመሷን አይታ ገባች።

«ሰር፣ አላለቀስሁም» አለች ማክሱዳ። «ያንኑ ደብዳቤ በዚያ ቀን ለስድስት መቶ ሰው ልኬዋለሁ። ገጽዎን አላነበብሁትም።»

«ስድስት መቶ» አሉ ማስተሩ። «ስንቱ መለሰልሽ?»

«ወደ ሃያ ሰው።»

«ከሃያዎቹ ነኛ።» በሙሪው ሰሃን ዳር ጣታቸውን አዞሩ። «ቀጥዪ።»

የቀረውን ነገረቻቸው። የወንዞቹን ገጽ ለምን እንደሠራችው፣ ለማን እንደተሸጠ፣ ያ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ምን ይል እንደነበር። ስልኳን ከፍታም አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ከዓይናቸው ጋር ሊያጋጥሙት ደረሱ።

«ይህ የሚያበራው ምንድን ነው?»

«ቁማር ነው ሰር።»

«በማን ቤት ገብተሽ ነው የከፈትሽው?»

«በጀሚላ።»

«ጀሚላ» አሉ፤ ስልኩን መለሱላት። «ጀሚላ ካርታ የተጫወተ ልጇን ሦስት ቀን እህል የከለከለች ሴት ናት።»

ማክሱዳ ቁጣ ትጠብቅ ነበር፤ ለቁጣው የምትመልሰውን አዘጋጅታ ነበር።

«ታዲያ ሰዎቹ አልረሱም ማለት ነው?» አሉ።

«አልረሱም ሰር። የመንደሩን ስም ጽፈው ቢፈልጉም እርስዎን አያመጣላቸውም ነበር።»

«አራት ወር ሙሉ ፈርጄባቸዋለሁ። ላንቺ አልፈርድም ብዬ ጻፍሁ እንጂ፣ በየሶላቱ ስማቸውን እያነሣሁ ወቅሻቸዋለሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው በሉንጊያቸው ጫፍ ጠረጉት። «አሥራ አንድ ቤት ነበር የቀረኝ።»

ማክሱዳ ስንት ጊዜ ልትጠይቅ ያሰበችውን ጠየቀች። «ሰር፣ እኔ የለመንሁት አንድ ቦታ ነበር። በየቤቱ ለምን አስገቡት?»

«አንድ ቦታ ሲሆን የወንዙ ልክ ነው፤ የወንዙ ልክ ለሰው ምን ያደርግለታል? ሰው ማወቅ የሚፈልገው በገዛ ግቢው ላይ ያለውን ነው። የየግቢውን ከፍታ ወንዙ ሳይመጣ በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ለክቼው ነበር፣ ለመለማመጃ። ግቢው ራሱ ተበልቶ እንደሄደ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ቀንሱ ብዬ ጻፍሁላቸው።» ከዚያ እንደ ማፈር ብለው፣ «ደግሞም አንቺን ለማመስገን ነው» አሉ።

ላፕቶፗን አወጣች። «አንድ ትእዛዝ ብጽፍ ሁሉንም በአንዴ ያወጣቸዋል።»

«አይሆንም እናቴ» አሉ በቀስታ። ስድብ አልነበረበትም። «አንቺ በአንድ ትእዛዝ ስንቱ ቤት እንደገባሽ አየሁ። እኔ ያስገባሁት አንድ በአንድ ነው፤ አንድ በአንድ ይውጣ። እኔ እጠራለሁ፣ አንቺ ታወጫለሽ።»

የጠሩት በቁጥር ተራ አልነበረም። ዓይናቸውን ጨፍነው በሐሳባቸው የመንደሩን መንገድ እየሄዱ ነው የጠሩት። «ከምሥራቅ፣ ከጀልባ ማቆሚያው እንጀምር። የጀልበኛው የኮባድ ቤት። ቀጥሎ የእኅቱ የሞርጂና። ከቀርከሃው አጥር ወዲያ የአሸራፍ ሁለቱ ሚስቶች፤ ሁለት ቤት ብለሽ ቁጠሪ፣ አንድ ቤት ከተባሉ ይጣላሉ።» ማክሱዳ ቤቱን ትከፍታለች፣ መስመሩን ታወጣለች፣ ትዘጋለች፣ «ወጣ ሰር» ትላለች። እሳቸው አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። «እዚህ ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ በስተግራ የሸማኔው የሃላል። ልጁ ማባዛት አይገባውም ነበር፣ አሁን ቺታጎንግ ሱቅ አለው።»

ባዶ ከሆኑት ቤቶች አንዱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን አይቀይሩም፤ ስሙን ግን ሁለት ጊዜ ይጠሩታል።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ፤ ማራገቢያው ቆመ። በባትሪ ቀጠሉ። ላቧ በክርኗ እየወረደ መቁጠሩን ከመቶ በላይ ስትደርስ ተወችው። ሐኪሙ ናሲር፣ መስጊዱ አጠገብ ያሉት አራት ወንድማማቾች፣ የሸክላ ሠሪዎቹ ተራ። የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት ጥሪ ሲሰማ ማስተሩ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይኸው፣ ከዚህ በኋላ ሜዳው ነው። አለቀ።»

ፕሮግራሟን አስነሥታ ልትመረምር እጇን ዘረጋች። የመምህሩን ቆጠራ በፊታቸው መፈተሽ አሳፈራትና እጇን መለሰች።

ከሶላት ሲመለሱ በአውቶቡስ የጻፈችውን አነበበችላቸው። ስሟን፣ ሥራዋን፣ የሞቱ ሊንኮችን እንዴት እንደምትፈልግ፣ ያላፈሰሰችውን እንባ፣ ሁሉንም ጽፋዋለች። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እኔ የት አለሁ?» አሉ።

«እርስዎ ያጠፉት የለም ሰር።»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ያስገባው ማን ነው? ባለቤቶቹን ሳልጠይቅ በሰው ቤት እንግዳ አስገባሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ማን እንደሆነ አላየሁም። ይህንንም ጻፊው። ደብዳቤው በእኔ ስም ነው የሚሄደው፣ ጎደሎ ሆኖ አይሄድም።»

ጻፈችው። ያን ቀን የድረ ገጹ ስም ታደሰ፤ ደብዳቤውም ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሙንታሲር ባይ በሳምንት አንዴ የሚያስነሣውን የሊንክ ቆጠራ አስነሣ። ማክሱዳ እንደሚያየው ታውቅ ስለነበር ቦርሳዋን አልፈታችም።

«የዶሉርቻሩ ወድቋል» አለ። «ስሙም ታድሷል። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አሞሽ ነበር የተባለው።»

«ዋሽቼ ነው።»

ሙንታሲር ባይ አልጮኸም፤ የመጮህ ልማድ የለውም። «ነገ እንዳትመጪ» አለ። «ሰውዬው ሸለመሽ? ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሊንክ በአንድ ቀን! ስንት ወር እንደሚፈጅብኝ ታውቂያለሽ?»

ማክሱዳ ቦርሳዋን አንሥታ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

«ስንት አልህ?»

«ምኑን?»

«የወደቀው። ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። ምነው፣ ትንሽ ሆነብሽ?»

አንድ ቀርቷል ማለት ነው። አንድ ከቀረ ደግሞ፣ «ሁሉንም አንሥተናል» የሚለው ደብዳቤ ውሸት ነው፤ የፍለጋው ድርጅት መርማሪ አንዷን ካገኘ ልመናው ይወድቃል፣ ሁለተኛ ጊዜም አይታመንም። ዲፓሊ ስክሪኗን ወደ እሷ አዞረችላት። ዝርዝሩ ላይ አንዲት መስመር ብቻ በአረንጓዴ ቆማለች። ቤት ሰማንያ ስምንት።

ማክሱዳ ደረጃው ላይ ወርዳ፣ ከልብስ ሰፊው በር አጠገብ ቆማ በስልኳ ከፈተችው።

«ሱፊያ ኻቱን። የማስተሩ ሚስት። የግቢው ከፍታ አራት ሜትር ከሃያ። ሁለት የማንጎ ዛፍ፣ አንድ የዶሮ ቤት። አሁን ያለችበት፦ እዚያው።»

ከሥሩ እንደ ሌሎቹ «በግቢያችሁ» አይልም። «በግቢያችን» ይላል።

ደወለች። በሁለተኛው ጥሪ አነሡት።

«ሰር፣ አንድ ቤት ቀርቷል።»

«ስንት ቁጥር?»

«ሰማንያ ስምንት።»

ከጀርባቸው ቁራ ሲጮህ ይሰማታል።

«ከሐኪሙ ናሲር ቤት ቀጥታ ወደ መስጊዱ ተሻገርሁ» አሉ። «እዚያ መሐል ቤት አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ በመንገዱ ስሄድ እንደዚያው ነው የምሻገረው፤ ልብ አላልሁትም። ዶሮዎቹን ላውጣ ብላ ተመልሳ ነው ወንዙ የወሰዳት። ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ያይ ነበር።»

«ሰር፣ እኔ ላውጣው?»

«አትንኪው። እኔ አወጣዋለሁ።»

«ዓይንዎ...»

«መንገዱን አውቀዋለሁ።» ስልኩን ሊዘጉ መስሏት ነበር፤ አልዘጉም። «ማክሱዳ፣ የፓድማ ልክ ዛሬ ስንት ነው? እውነተኛውን ንገሪኝ።»

የመንግሥቱን የውሃ ልክ ገጽ ከፈተች። በየጠዋቱ ትገለብጥበት የነበረው ያው ገጽ ነው። «አምስት ሜትር ከአሥር፣ ሰር።»

«ዘጠና ሳንቲ ሜትር» አሉ ወዲያውኑ፤ ዘጉት።

ከሚርፑር መንገድ ዳር ሻይ አዝዛ ተቀመጠች። በየጥቂት ደቂቃው ቤት ሰማንያ ስምንትን እያደሰች ታያለች። መስመሩ አለ። ሁለተኛ ሻይ አዘዘች። አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስታድሰው አልነበረም። የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ፣ የቀረው ሁሉ እንደነበረ ቆሟል፤ የማንጎ ዛፎቹ፣ የዶሮ ቤቱ፣ እዚያው የሚለው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማክሱዳ በአንድ ማተሚያ ቤት የመማሪያ መጻሕፍት ስታርም አሳለፈች። ጠዋት ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ የመንደሩን ስም ትጽፋለች። የሩዝ ዓይነት ይመጣል፤ በሌላ አውራጃ ያለች ዶሉርቻር የምትባል የጀልባ ወደብ ትመጣለች። ማስተሩ የሉም። አንድ ቀን ከአንድ አረፍተ ነገር የማይበልጥ ደብዳቤ ጻፈችላቸው፣ «እየጠበቅሁ ነው» የሚል። «እኔም» ብለው መለሱላት።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ስሙን ጽፋ ስትጫን ከሁሉም በላይ መጣ፦ «ዶሉርቻር፤ ቤቶቹና ሰዎቹ።»

ቆማ ነበር፣ ተቀመጠች። ከዚያ ደወለችላቸው። ስልኩ ተይዟል።

ፀጉሯን አበጠረች፣ ጫማዋን አሰረች፣ ከበሩ ሳትወጣ ደግማ ደወለች። አሁንም ተይዟል።

ሦስተኛ ጊዜ ልትደውል ቁጥሩን አወጣች። ጥቂት አየችው። ከዚያ ለሚደውሉት የመንደሩ ሰዎች መስመሩን እንዳትይዝባቸው ብላ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።